አማቼ አትክልት ያኮመጠጠ ሰሞን

የልጄ ባል ቧንቧ ሠራተኛ ነው። የሥራ ጓደኞቹ «ጠብታ» ይሉታል፤ ሰፈሩም ከእነሱ ሰምቶ እንዲሁ ይለዋል። የትም ቤት ሲገባ ጆሮው ቀድሞ የሚይዘው የሰው ሰላምታ አይደለም፤ የሆነ ቦታ የሚንጠባጠብ ውሃ ነው። አንዴ ጓደኛው ልጁን ሲድር ተጠርቶ፣ ሙሽሮቹን ሳይስም ማድቤት ገብቶ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ተጋድሞ ተገኘ። ሱሪው አዲስ ነበር። ልጄ ያን ሱሪ እስከ ዛሬ ታነሳበታለች።

እኔም ያወቅሁት በዚሁ ሥራው ነው። ልጄ ገና ሳታገባ የማድቤታችን ቧንቧ አልዘጋ ብሎ አስጠራነው። መጣ፣ ሠራ፣ ሻይ ጠጣ፣ ሄደ። በሳምንቱ እንዴት ሆነ ልየው ብሎ መጣ። ደኅና ነበር። ከዚያ ደግሞ ሌላ ቀን መጣ። ደኅና ቧንቧ እንደ በሽተኛ እየተመላለሰ የሚጠይቅ ሠራተኛ አይቼ ስለማላውቅ፣ ልጄን ጠራሁና ይሄ ሰው የሚያየው ቧንቧውን አይመስለኝም አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትስቅ ነበር።

ጉልበቴ ከድቶኝ ከእነሱ ጋር መኖር ስጀምር፣ ከመኝታዬ እስከ መታጠቢያ ቤቱ ድረስ ግድግዳው ላይ ቧንቧ ገጠመልኝ። ይዤው እንድሄድ ነው። ከፍታው ልክ ለእጄ ነው፤ መቼ እንደለካኝ ግን አላውቅም። ሳመሰግነው «ትርፍ ቧንቧ ነበረኝ፣ እማማ» ብሎ አለፈ። ትርፍ እንዳልነበረው አውቃለሁ። ጫፍ ጫፉን እጄን እንዳይቆርጠኝ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ አለስልሶታል። ለትርፍ ነገር እንዲህ የሚደክም የለም።

ቃል አያበዛም። እኔ እንደ ልጄ አንተ እለዋለሁ፤ እሱ ግን ስንት ዓመት አብረን ኖረን «እርስዎ» ማለትን አልተወም። ሲከፋው ዝም ይላል፤ ደስ ሲለውም ዝም ይላል። ልዩነቱን የማውቀው በእጁ ነው። ሲከፋው እጁ ሥራ ይፈልጋል።

ልጄ የታመመች ጊዜ በቤታችን ያልተፈታና ያልተገጠመ ነገር አልቀረም።

እሷ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ሆዷን አመማት፣ ተቀደደች፣ ሆስፒታል ብዙ ተኛች። ከዚያ ሐኪሙ በሽታው ወጥቷል፣ አሁን የቀረው መብላት ብቻ ነው ብሎ ወደ ቤት ላካት። ለእኔ ይህ ቀላል ሥራ መስሎኝ ነበር። ሰው አብልቼ ነው ያደግሁት፤ ያረጀሁትም እንዲሁ ነው። ግን መድኃኒቱ ይሁን ሕመሙ፣ አፏን አበላሽቶባት ነበር። የገባበት ሁሉ ብረት ብረት ይላታል። ሾርባ ሠራሁ፣ ሩዝ ቀቀልሁ፣ እንቁላል ጠበስሁ፣ ዳቦ በወተት አራስሁ። አንድ ማንኪያ ትቀምስና «አስቀምጪልኝ እማዬ፣ ቆይቼ እበላዋለሁ» ትለኛለች። ሳህኑ ሲቀዘቅዝ አነሳዋለሁ። የጋብቻ ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ ስላስቸገራት አውልቃ ትራሷ ሥር አደረገችው። እኔ ሳላያት ያደረገችው መስሏታል።

ከዚያ ለምርመራ በሄድን ጊዜ ሐኪሙ ሚዛኑን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ከዚህ ከቀነሰች መልሰን እናስተኛታለን፣ ምግቡንም በአፍንጫዋ በቱቦ እንሰጣታለን አለ። አማቼ ዕድሜውን ሙሉ ቱቦ በእጁ ይዞ የኖረ ሰው ነው። ያን ቃል ሲሰማ ፊቱ አመድ ሆነ። ቤት ገብተን ልጄን ካስተኛናት በኋላ ደኅናውን የበር ቁልፍ ፈታትቶ መልሶ ገጠመው።

አንድ ከሰዓት በኋላ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ እግሯን እያሸሁላት፣ እስቲ የሚያምርሽ ነገር ጭራሽ የለም ወይ አልኳት። ሊሆን የሚችለውን ሳይሆን የሚያምራትን እንድትነግረኝ ነው የፈለግሁት። ዓይኗን ጨፈነችና፣ በፋብሪካው ምግብ ቤት ከሩዝ ጎን ያቀርቡላቸው የነበረውን ኮምጣጣ አትክልት አነሳች። ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ አበባ ጎመን፣ ቃሪያ፤ ተደባልቆ፣ በጨው ውሃ ከርሞ የኮመጠጠ። ጥርስ ሲያርፍበት ቀጭ የሚል።

«እሱ ቢሆን ምናልባት» አለች።

ባሏ ከሥራ ገብቶ በሩ ላይ ጫማውን እያወለቀ ነበር። አንዱን አውልቋል። ያወለቀውን መልሶ አደረገና ወጣ።

መጀመሪያ ከሱቅ በኮምጣጤ የተቀመጠውን ገዝቶ መጣ። ቀመሰችና ከከንፈሯ መለሰችው፤ ይሄ ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ያኛው ሌላ ነው አለች። በማግስቱ የፋብሪካውን ምግብ አብሳይ ሊፈልግ ሄደ። ሴትዮዋ ጡረታ ወጥታ ከልጇ ጋር ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ትኖራለች። ሠራተኞቹ «እትዬ በርሜል» ይሏት ነበር። አትክልቱን ታኮመጥጥበት ስለነበረው በርሜል ይሁን ስለ ራሷ ስለ ሴትዮዋ፣ ደፍሮ የጠየቀ የለም። ለአማቼ ሙያዋን አልሰሰተችም። ጨውና ውሃውን በምን ልክ እንደሚያደርግ፣ ነጭ ሽንኩርት እንዲጨምርበት፣ አትክልቱ ከውሃው በላይ ብቅ ካለ እንደሚበላሽ ሁሉ ነገረችው። ከዚያ በኋላ ተወው፣ ራሱ ያውቃል ብላ ሸኘችው።

ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ሄዶ በሁለት እጁ ተሸክሞ ገባ። ይህ ሰው ሽንኩርት ልጦ አያውቅም። እኔ ልክተፍልህ ብለው እሺ አላለም፤ ወንበር አምጥቶ እርስዎ እዚህ ተቀምጠው ይዩኝ አለ። አየሁት። ካሮቱን መክተፊያው ላይ አጋደመ፤ ከኪሱ ሜትር አወጣ፤ ከጆሮው ላይ እርሳስ አወረደ፤ ለክቶ ምልክት አድርጎ ቆረጠው። ሁሉንም እንደዚያ። ሳቄን ለመዋጥ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ። የካሮት ቁራጭ እንደዚያ እኩል ሆኖ አላየሁም። አበባ ጎመኑን እንኳ ሊለካ ሞክሮ ነበር፤ እሱ ግን አሸነፈው።

አፈ ሰፊ ጠርሙሶችን በፈላ ውሃ አጥቦ አደረቀ። ጎመኑን፣ ካሮቱን፣ አበባ ጎመኑን፣ ቃሪያውን በየተራ ጠቀጠቀና የጨው ውሃውን አፈሰሰበት። ከላይ ብቅ እንዳይል በየጠርሙሱ የታጠበ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጫነ። እስከዚህ ድረስ እትዬ በርሜል እንዳለችው ነው።

ከዚህ በኋላ ግን የራሱን ጨመረበት። እንዲያምርለት ነው፤ ለሚስቱ የሚሠራው ነገር በሚያውቀው ጥበብ ሁሉ እንዲሠራ ነው። ከዕቃ ሳጥኑ ክብ ጎማ አወጣና ከየክዳኑ ሥር አስገባ። የጠርሙሱን አፍ ጥርስ ቧንቧ ሲገጥም በሚጠቀምበት ነጭ የቴፍሎን ጥብጣብ ዙሪያውን ጠመጠመው። ክዳኑን በጨርቅ ይዞ በመፍቻ አጠበቀው። ከዚያ ጠርሙሶቹን በደረቅ ጋዜጣ ላይ ገልብጦ፣ እጁን አጣጥፎ ቆሞ ጠበቀ። ጋዜጣው አልረጠበም።

«ከእጄ የወጣ ነገር አይንጠባጠብም፣ እማማ» አለኝ። ስለ ራሱ እንዲህ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም መረቅሁት። ዕድሜ ልኬን ምግብ ስሠራ ኖሬ አትክልት ግን አኮምጥጬ አላውቅም፤ ስለዚህ ከሁለታችን ማንም ማንንም አላዳነም። የተሠራበትን ቀን በወረቀት ጽፌ ለጠፍሁበት። በእርጅና የተማርኩት ፊደል ትልልቅ ስለሆነ ከሩቅ ይነበባል። ጨለማ ይወዳል ስለተባለ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ካለው ሳጥን ውስጥ ደረደራቸው።

ጥቂት ቀናት አለፉ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ላይ አንድ አሮጌ የቧንቧ አፍ ሲጠግን፣ እኔ ልብስ ሳጣጥፍ፣ ልጄ ተኝታ ሳለ፣ እሱ ቀና አለ። የሆነ ነገር ያፈሳል አለ። እኔ ምንም አልሰማሁም። ተነሣና ጆሮውን አስቀድሞ ወደ ማድቤቱ ሄደ። ከሳጥኑ ፊት ለፊት ደርሶ ሊያጎነብስ ሲል ውስጡ ጓ አለ። በሩ ተበርግዶ የጨው ውሃ፣ ጎመንና የጠርሙስ ስብርባሪ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ተጠግቼ ነበርና በክንዱ ወደ ኋላ መለሰኝ፤ ወዲያው ሁለተኛው ፈነዳ። ወፍራም ብርድ ልብስ አምጥቶ በቀሩት ላይ ጣለና፣ እጁን በብርድ ልብሱ ሥር ሰዶ አንድ በአንድ ክዳናቸውን ፈታ። አንደኛው ክዳን ከእጁ አምልጦ ጣራውን መታና ተመለሰ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንም አልተጎዳም። አትክልቱ ግን ጠርሙስ ገብቶበት ይሆናል ብሎ አንዱንም አላስቀረም።

ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘችው። ልጄ ማለቴ ነው። ድምፁ አስደንግጧት የእኔን የግድግዳ ቧንቧ ይዛ በራሷ እግር እስከ ማድቤቱ በር መጣች። ባሏ ርሶ፣ ትከሻው ላይ ጎመን፣ ፀጉሩ ውስጥ ያ እኩል የተቆረጠ ካሮት ሆኖ ተቀምጧል። አየችው፣ ሳጥኑን አየች፣ የተጠመጠመውን ነጭ ቴፍሎን አየች፣ ገባት።

«አንተ ሰውዬ፣ አንተ ቤት ጎመን እንኳ መተንፈስ አይችልም?»

ከዚያ ሳቀች። የተሰፋችበትን ቦታ በእጇ ይዛ፣ በሩን ተደግፋ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሳቋን ከሰማሁ ብዙ ጊዜዬ ነበር። እሱ ብቻ አልሳቀም። ከወለሉ የጠርሙስ ስብርባሪ እየለቀመ፣ ቀና ሳይል «ቀጠሮሽ ደረሰ እኮ» አላት።

ሳቋ ቆመ። ወደ አልጋዋ ይዣት ሄድሁ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ እሱ ፈርቶ እንደነበር ያወቀች አይመስለኝም። ዝም የሚል ሰው የማይፈራ ይመስላል።

ወደ እትዬ በርሜል ተመልሶ ሄደ። ያደረገውን ሁሉ ሲነግራት ሽርጧን ፊቷ ላይ አድርጋ እስክታለቅስ ሳቀች አለኝ። ማን ዝጋ አለህ አለችው። በርሜሉ ላይ የነበረው ሳንቃ ነው፤ ሳንቃው ላይ ድንጋይ። አትክልት ሲኮመጥጥ አየር ያወጣል፤ አየሩ መሄጃ ካጣ በቤትህ ላይ ይወጣል። ይህን ያልነገርሁህ፣ በርሜል በመፍቻ የሚያጠብቅ ሰው ይኖራል ብዬ ስላላሰብሁ ነው፤ ክዳኑን አላላውና ይንጠባጠብ ተወው ብላ ሰደደችው። ወደ ቤት ሲገባ መልኩ፣ የገዛ ግድግዳህን አፍርስ የተባለ ሰው መልክ ነበር። አትክልቱንና ጠርሙሱን ግን እንደ ገና ገዝቶ ነው የመጣው።

አላልቶ መተው አልሆነለትም። እኔ ትሪ አቀረብሁለት፤ ቢፈስ እዚህ ላይ ይፍሰስ አልሁት። ክዳኑን ግማሽ ያዞርና ያየዋል፤ መልሶ ያጠብቀዋል። ሰው ከተፈጥሮው ጋር ሲታገል ማየት ያስቃልም ያሳዝናልም። ከዚያ ትቶት ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን የረጠበ ሳጥን ሊያደርቅ ገባ። እዚያው በጀርባው እንደተጋደመ ብዙ ቆየ። እግሩ ብቻ ይታየኛል። የተኛ መስሎኝ ስጠራው፣ ሲፎኑን እያየ መሆኑን ነገረኝ።

ሲፎን ከማጠቢያው ሥር ያለው ጥምዝ ቧንቧ ነው። በጥምዙ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ ይቀራል። ከላይ የሚመጣውን ያሳልፋል፤ ከታች የፍሳሹ ሽታ ወደ ቤት እንዳይመለስ ግን ያግዳል። ይህን እያስረዳኝ ተነሣ። የየክዳኑን መሐል በሳ፤ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ በጎማ አጥብቆ አስገባበት፤ የቱቦውን ሌላ ጫፍ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ነከረው። አየሩ በቱቦው ይወጣል፣ በውሃው ውስጥ ይሄዳል፣ ተመልሶ ግን አይገባም። ክዳኑም አይፈስም። ከትልቁ ሕመሙ ዳነ።

ትንሹ ሕመም ግን ቀረበት። በማግስቱ አትክልቱ መሥራት ሲጀምር አየሩ ብርጭቆዎቹ ውስጥ ቡልቅ ይላል። ትንሽ ዝም ብሎ ደግሞ ቡልቅ። ጠብታ የሚሉት ሰው ይህን ችሎ ሊቀመጥ ነው። ሻይ እየጠጣ ውሃው ቡልቅ ሲል ከወንበሩ ብድግ ይላል፤ ያስታውስና ይቀመጣል። ጥጥ ጆሮው ውስጥ አድርግ አልሁት። ልጄ ከመኝታዋ ምንድን ነው የሚለው ብላ ጠየቀች፤ ነገርኋት። አንዱን ወዲህ አምጣው አለችው።

ከአልጋዋ አጠገብ ካለው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ጠርሙሱንም ብርጭቆውንም አስቀመጠላት። ሰው ሲታመም አበባ ያመጡለታል፤ እሷ ጎመን መጣላት። ቀን ቀን ታየዋለች። ውሃው ደፈረሰ፣ የቃሪያው ቀለም ተለወጠ፣ ካሮቱ ደመቀ። ዛሬ ከትናንት ይልቅ ፈጠነ፣ አሁን ዘገየ እያለች ትነግረኛለች። ግድግዳ ስታይ የሰነበተች ልጅ የሚያድግ ነገር ማየት ጀመረች። ምግብ ግን ያው ነው፤ ሳህኑ እንደሞላ ይመለሳል። ቀጠሮው ደግሞ ደጃፋችን ቆሟል። እትዬ በርሜል ደግሞ ካልደረሰ አትንኩት ብላ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ልብስ አስጥቼ ስመለስ ቡልቅታው ጠፋ። በሩን ገፋ አድርጌ አየሁ። ልጄ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላለች። ቱቦው ተነቅሎ ተንጠልጥሏል፤ ክዳኑ ብርድ ልብሷ ላይ ነው፤ እጇ እስከ አንጓዋ ጠርሙሱ ውስጥ ገብቷል። አፏ ይሠራል። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ያን ድምፅ ሰምቼ ወደ ውስጥ አልገባሁም። ብገባ የምታቆም መሰለኝ። ግድግዳውን ይዤ ቆምሁ፤ እንባዬ ወረደ፤ አልጠረግሁትም።

ባሏ ለምሳ ሲመጣ እሱም የሰማው ዝምታውን ነው። ጫማውን ሳያወልቅ ገባ፤ የተነቀለውን ቱቦ ሲያይ ደነገጠና ምን ሆኖ ነው ብሎ ጠርሙሱን አነሣ። ግማሽ ሆኗል። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገናኙ። ጉንጯ ሞልቷል። ዋጠችና ጣቷን ላሰች።

«ጨው በዝቶበታል» አለችው። «ገና አልደረሰምም። ዳቦ የለም?»

እንዲህ ያለ ነቀፋ ሰምቶ እንደዚያ ደስ ያለው ባል ዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። ዳቦ እያለ ዳቦ ሊገዛ ወጣ። እኔ ካለው ዳቦ ቆርጬ ሰጠኋት፤ ከአትክልቱ ጋር እየጎረሰች በላችው። እሱ ትኩስ ይዞ ሲመጣ ከእሱም በላች። ማታ ሩዝ ከኮምጣጣው ጋር ጠየቀች። እትዬ በርሜል ሳይደርስ መበላቱን ሰምታ ተቆጥታ፣ በማግስቱ በራሷ እግር መጥታ ቀመሰችና፣ እውነትም ጨው በዝቶበታል ብላ ፈረደችበት። ቱቦውን ግን ዞር ብላ ብዙ አየችው።

ቀጠሮው ቀን ሦስታችንም ሄድን። ሚዛኑ ላይ ስትቆም እሱ ዞሮ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሥዕል አየ። ነርሷ ሐኪሙን ጠራችው። ጭማሪው ትንሽ ነው፤ ለሐኪም ወይም ለባለ ሱቅ ምንም አይደለም። ቅናሽ ግን አልነበረም። ሐኪሙ ወረቀቱን አስቀምጦ፣ በጀመርሽው ቀጥዪ፣ መተኛት አያስፈልግም አለ። አማቼ የሐኪሙን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። እኔ ለሁለታችንም አመሰገንሁ።

ስንወጣ ርቦኛል አለች። ርቦኛል! ከሆስፒታሉ ማዶ ወዳለች ትንሽ ምግብ ቤት ገባንና በመስኮቱ በኩል ተቀመጥን። ሁላችንም ሩዝ በአትክልት አዘዝን። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ሁለቱን አያቸው ነበር። ሰው እግዚአብሔርን ሲያመሰግን ብዙ ነገር ይቆጥራል፤ እኔ ያን ቀን አንድ ልጅ ወልጄ ሁለት ስለሰጠኝ ብቻ አመሰገንሁት። ከዚያ ወዲህም የምለው እሱኑ ነው።

እሷ የራሷን እየበላች ሳለ አማቼ ሹካውን ሳያነሣ ሳህኗን ይመለከታል። ምግቡ ቀዘቀዘበት። እሷ የእሷን ጨረሰችና ወሬ እያወራች፣ እንደ ዋዛ ሹካዋን ሰድዳ ከእሱ ሳህን ላይ አንድ ካሮት አነሣች። ከዚያ ሌላ። እሱ እንዳላየ ሆኖ ወደ መንገዱ ፊቱን አዞረ፤ በክርኑ ግን ሳህኑን ቀስ እያደረገ ወደ እሷ ይገፋላት ነበር።